የቁራ መልእክተኛ በጎንደር በር

መጋቢት ሊያልቅ ሰሞን አንድ ጠዋት፣ ጀሪካኔ እስኪሞላ ቧንቧው አጠገብ ቁጢጥ ብዬ ሳለሁ ከሰማይ ሽቦ ወረደ። ስንዝር የማትሞላ፣ ጫፏ የተጠማዘዘ የፌሮ ማሰሪያ ሽቦ ናት። ቀና ስል በጎረቤቴ ባሕር ዛፍ ላይ፣ ሦስት ቅርንጫፎች ከሚገናኙበት ቦታ፣ አንድ ቁራ አንገቱን አዘንብሎ ቁልቁል ያየኛል። ደረቱና ማጅራቱ ነጭ፣ የቀረው ጥቁር ነው፤ ከሱፍ ኮቱ ሥር ነጭ ሸሚዝ የለበሰ የድሮ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ይመስላል። ሽቦዋን እዚያው ትቼ ውሃዬን ይዤ ገባሁ። ስመለስ የለችም።

ሳላውቀው የአንድ ቤተሰብ ጎረቤት ሆኜ ነበር። ቤቴ ወልድያ ጎንደር በር ነው፤ ወደ ድልብ ሽቅብ የሚወጡ የጭነት መኪኖች ማርሽ ሲቀይሩ የሚያቃስቱት ድምፅ የማይለየው ሰፈር። ከዚያ ጠዋት ጀምሮ እስከ ሐምሌ 2017 ዓ.ም. ድረስ ቡናዬን ይዤ ጓሮ መቀመጥ ልማዴ ሆነ። ሥራ ፈት ያሉኝ አልጠፉም። እውነታቸውን ነው።

ጎጆውን ባልና ሚስት ተጋግዘው ነው የሚሠሩት። እንጨቱን ከውጭ ያዋቅራሉ፣ ሽቦውን በመሃል በመሃሉ ይሰካሉ፣ ውስጡን ደግሞ ደረቅ ሣር፣ የማዳበሪያ ክር፣ ጸጉርና የጨርቅ ቁራጭ ያነጥፉበታል። ከሰፈራችን አለፍ ብሎ ሕንፃ እየተሠራ ስለነበር ከፌሮ ሠራተኞቹ እጅ ያመለጠ ሽቦ ሁሉ ወደ ባሕር ዛፉ ያመራል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ይኸው ዓይነት ቁራ በኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ የሽቦ ጎጆ እየቀለሰ መብራት ያቋርጣል። እኛ ሰፈር መብራት ሲጠፋ ግን እሱ ንጹሕ ነው፤ ጎጆው ከምሰሶው ርቆ ነው ያለው።

የዛፉ ባለቤት ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። ገና ጎጆው ሳያልቅ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው፣ «አንተ፣ ይህን ሟርተኛ በድንጋይ አባርልኝ እንጂ!» አሉኝ።

«እማማ፣ ምን አደረገዎት?»

«ምን እስኪያደርግ ልጠብቀው? ቁራ ደጅ ላይ ሲጮኽ ደህና ወሬ መጥቶ ያውቃል? የሚያወራውን ለጠላቴ ያድርገው!»

ድንጋይ አላነሣሁም፤ እሳቸውም ደግመው አልጠየቁኝም። ግን ነገሩ እሳቸው ያመጡት አይደለም። ቁራ እኛ ዘንድ ስሙ የጠፋው ከኖኅ መርከብ ጀምሮ ነው። የውሃውን መጉደል አይቶ እንዲመጣ ተልኮ በዚያው ቀረ፤ ርግቢቱ ቅጠል ይዛ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ሱቅ ተልኮ የዘገየ ልጅ፣ ለእርቅ ሄዶ ድምፁ የጠፋ ሽማግሌ፣ «ነገ እመልሳለሁ» ብሎ ብር የወሰደ ወዳጅ ሁሉ የቁራ መልእክተኛ ነው። ያው መጽሐፍ አለፍ ብሎ፣ ኤልያስ በኮራት ፈፋ ተሸሽጎ ሳለ ጧትና ማታ እንጀራና ሥጋ ያመላለሱለት ቁራዎች መሆናቸውን ይናገራል። ይህን አንሥቶ «እንደ ኤልያስ ቁራ የታመነ» የሚል ሰው ግን አላጋጠመኝም። በአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ሥዕል ላይ ወደ ዓይናቸው የተጠጋችውን ወፍ እንኳ አንዱ የተጠማች ወፍ ዕንባቸውን ስትጠጣ ነው ሲል፣ ሌላው ሰይጣን ቁራ ተመስሎ ነው ይላል።

እኔ ባየሁት ጓሮ ግን እንደ ቁራ የሚመለስ ፍጡር የለም።

ሚያዝያ 14፣ ከፋሲካ ሁለት ቀን በኋላ፣ የበግ አጥንት በየደጁ በተጣለበት ሰሞን፣ አንደኛዋ ከጎጆው መነሣት አቆመች። ወንዱና ሴቷ በመልክ አይለዩም፤ የተኛችውን «ሴቷ» ያልሁት እንቁላሉን በአመዛኙ የምትታቀፈው እሷ ስለሆነች ነው። ይህ ዓይነቱ ቁራ ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት እንቁላል ይጥላል፤ ታቅፋ የምትቆየውም 18 ወይም 19 ቀን ያህል ነው። በእነዚህ ቀናት ወንዱ እየተመላለሰ ያጎርሳታል። ሲመጣ ከሩቅ ይጣራል፣ እሷ ከጎጆዋ ዝቅ ባለ፣ በሚለማመጥ ድምፅ ትመልሳለች፤ ያን ድምፅ ሌላ ጊዜ አልሰማሁባትም። በዚያ ሰሞን የበልጉ ዝናብ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በበረዶ መታን። የሰፈሩ ዶሮ ሁሉ ጎተራ ሥር ሲገባ እሷ ክንፎቿን እንደ ዣንጥላ ዘርግታ፣ መንቁሯን ወደ ሰማይ አቅንታ ቀጥ አለች። ከበረዶው በኋላ ተንቀጠቀጠችና እንደገና ተኛች።

ግንቦት 3 ጠዋት ከዛፉ ሥር የቅርፊት ስባሪ አገኘሁ። ፈዛዛ አረንጓዴ ነው፤ ቡናማ ቀለም የረጨበት ሰው እጁ የተንቀጠቀጠ ይመስል ጠብ ጠብ ብሎበታል። ውስጡ ገና እርጥብ ነበር። መዳፌ ላይ አድርጌ ለእማማ አሳየኋቸው። አገላብጠው አዩትና፣ «ከእንቁላል ነው እንዴ የሚፈለፈል?» አሉ። የሟርተኛ ልጅ ከምን እንደሚወለድ አስበው እንደነበር እንጃ።

ከዚያ በኋላ የምግብ ነገር መጣ፤ የዚህ ታሪክ ዋናው ክፍልም ይኸው ነው።

ከመንገዱ ማዶ ሁለት ሥጋ ቤቶች ትይዩ አሉ፤ አንዱ የክርስቲያን፣ አንዱ የሙስሊም። ከበዓለ ሃምሳ በቀር ረቡዕና ዓርብ የክርስቲያኑ ዝግ ነው። ቁራው ይህን የቀን መቁጠሪያ ጠንቅቆ ያውቃል። ሰኞ ማለዳ የክርስቲያኑ ቆርቆሮ ጣራ ላይ ቆሞ ሞራ ይጠብቃል፣ ረቡዕ ወደዚያ ዞር ብሎም አያይ፤ ቀጥታ ወደ ሙስሊሙ ሥጋ ቤት ባለቤት፣ ወደ ሐጂ ደጅ። ሐጂ ነጩን ጋዎናቸውን ለብሰው በር ላይ እንደቆሙ ጠየቅኋቸው።

«ያውቅዎታል ማለት ነው?»

«ደንበኛዬ ነው እንጂ! ረቡዕና ዓርብ የእኔ፣ ቅዳሜ ማዶ ይሻገራል። ይህ ቁራ ወሎዬ ነው፤ የማንንም ማዕድ አይንቅም» አሉና ሳቁ። ከዚያ ኮስተር ብለው፣ «ቁራን አትናቅ። ቃቢል ወንድሙን ገድሎ ሬሳውን የሚያደርግበት ሲጠፋው፣ መሬት ቆፍሮ መቅበርን ያሳየው ቁራ ነው። ቁርኣን ውስጥ አለ» አሉኝ። አንዱ ደጅ ሟርተኛ፣ አንዱ ደጅ መምህር። በሁለት መቶ እርምጃ ርቀት።

ጫጩቶቹ በሁለተኛው ሳምንት ከጎጆው ጠርዝ በላይ ታዩ። ሦስት ራሶች፣ ሦስት የተከፈቱ አፎች፤ ውስጡ ሐምራዊ ሆኖ ከሩቅ ይታያል። ወላጆቹ ከአንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ባለው የጠዋት ጊዜ ብቻ ስምንትና ዘጠኝ ጊዜ ሲመላለሱ ቆጥሬያለሁ። የሚያመጡትም ሥጋ ብቻ አይደለም፤ ፌንጣ፣ የአይጥ ግልገል፣ የእንጀራ ፍርፋሪ፣ አንዴም የሰው ዶሮ እንቁላል። (የማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ አልናገርም።) ግንቦት 29 አረፋ ሲሆን ጫጩቶቹ የ26 ቀን፣ ሆዳቸው የማይጠግብበት ዕድሜ ላይ ነበሩ፤ በየደጁ በግና ፍየል ታረደ፣ ባልና ሚስቱ ከመሸ እንኳ አላረፉም። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሰኔ 2፣ የሐዋርያት ጾም ገባና የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት ጭር አለ። ቤተሰቡ ሙሉ በሙሉ የሐጂ ጥገኛ ሆነ።

ግንቦት መሃል፣ መንገዱ ተከፍቷል በተባለ ሰሞን፣ ለራሴ ጉዳይ ወደ መርሳ ወርጄ ነበር። 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ነገር ግን ከወልድያ ጃኬት ለብሶ የተነሣ ሰው ሲሪንቃን ሳያልፍ ያወልቃል። ጭንቅላቴ ውስጥ ቁራ ስለገባ ነው መሰለኝ በየመንገዱ እነሱን አየሁ። ከገደሉ አፋፍ በላይ ነፋሱን ተንተርሰው የሚንሳፈፉት ከእኛ ሰፈሮቹ ይለያሉ፤ ሙሉ ጥቁር ናቸው፣ ጅራታቸው ከማጠሩ የተነሣ በራሪ ክንፍ ብቻ ይመስላሉ፤ ሲያርፉ ክንፋቸው ከጅራታቸው ያልፋል። ጎጇቸው ገደል ላይ ነው። በተቃራኒው ከወልድያ ወደ ድልብ ሽቅብ ብትወጣ ሌላ ታገኛለህ፦ ዶሮ የሚያህል፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ጠባሳ ያለበት፣ መንቁሩ እንደ መጥረቢያ የተቆለመመ። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር መኖሪያ የለውም። ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል በ1836 እ.ኤ.አ. ለሳይንሱ ዓለም ሲያስተዋውቀው በላቲን ያወጣለት ስም «ወፍራም መንቁር» ማለት ነው። ደገኛው ገበሬ በሬዎቹ የጣሉትን እበት በዚያ መንቁር ግራና ቀኝ እያጨደ፣ ከሥሩ ትል ሲለቅም ያየዋል። እኛ ግን ሁሉንም ቁራ ብለን አንድ ስም ሰጥተናል። ለፈረስ ዳማ፣ ቦራ፣ ጉራች፣ መጋላ እያለ የሚለይ ሕዝብ ለቁራ ቃል መንፈጉ ይገርመኛል።

መርሳ የማንጎና የብርቱካን አገር ናት። ከዛፍ በታች የወደቀ ማንጎ ላይ ነጭ ደረት ቁራዎች ተሰብስበው አየሁ። አንድ የሐብሩ ገበሬ፣ ማሳቸው ዳር ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ «ጋሼ፣ ቁራ አያስቸግርዎትም?» ስላቸው መልሳቸው አጭር ነበር፦

«ግሪሳን አይተሃል? ማሽላ ላይ ሲወርድ ደመና ነው። ልጅ ማማ ላይ ሰቅለህ፣ ወንጭፍ አስይዘህ፣ ቆርቆሮ አስቀጥቅጠህ አይበግረውም። ግሪሳ ሠራዊት ነው፣ ቁራ ሌባ ነው። ለሌባ ውሻ ይበቃል።»

ጫጩት እንደሚወስድባቸው ግን አልሸሸጉም። የዘሩትን በቆሎ ከመሬት ቆፍሮ የሚያወጣበትም ጊዜ አለ። ጎረቤት ኬንያ በ2024 እ.ኤ.አ. አንድ ሚሊዮን ቁራ አስወግዳለሁ ብላ መነሣቷን ነገርኋቸው። ያኛው ግን የህንድ ቁራ ነው፤ በመርከብ ተሳፍሮ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ የገባ፣ ያገሩን ወፍ ጎጆ የሚያፈርስ መጤ። የእኛው ባላገር ነው። ገበሬው ጥቂት አሰቡና፣ «አንድ ሚሊዮኑን ማን ይቆጥረዋል?» አሉ።

ወላጆቹ ብቻቸውን ሲለፉ ሳይ የቦረናው ዘመዳቸው ትዝ ይለኛል። በያቤሎ አካባቢ ብቻ የሚኖር፣ ጣሊያናዊው ኤድጋርዶ ሞልቶኒ በ1938 እ.ኤ.አ. የሰየመው፣ ፊቱ ላይ ሰማያዊ ቆዳ ያለበት ግራጫ ወፍ ነው። እሱ በቡድን ይኖራል፤ ባልና ሚስቱ ጫጩት ሲያሳድጉ ሌላ ወፍ እየመጣ ያግዛቸዋል። የጎንደር በሮቹ ረዳት የላቸውም። እንዲያውም በሌሎች አካባቢዎች የነጭ ደረት ቁራ ጎጆ ውስጥ እንቁላሏን ጥላ የምትሄድ፣ ማሳደጉን ለቁራ የምትተው የኩኩ ዝርያ አለች። ጉዱ ምን መሰለህ፦ ስፔን ውስጥ በሌላ የቁራ ዓይነት ጎጆ ላይ የተጠና፣ በ2014 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ያቺ የእንጀራ ልጅ ስትያዝ የምትለቀው ግማት ድመትና ጭልፊት እንደሚያርቅ አሳይቷል። አዳኝ በበዛበት ቦታ የምትገማ እንግዳ ያሳደገ ቁራ ከሌለው ይሻለዋል። በእኛው ዛፍ ላይ ያሉት ሦስቱ ግን ሁሉም ቁራ ነበሩ።

ሰኔ 12፣ የሚካኤል ዕለት፣ ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ የመጀመሪያው ከጎጆው ወጣ። ወጣ ማለት ወደቀ ማለት ነው፤ ክንፉን አማታ፣ የእማማን ጣራ ሳተ፣ ከአጥሩ ቆርቆሮ ላይ ተንሸራትቶ ግቢዬ ውስጥ ተንከባለለ። በቅርብ ያየሁት ያኔ ነው። ጅራቱ አጭር፣ ነጩ ደረቱ ገና ያልጠራ፣ የላባው ጫፍ ጥላሸት የነካው የትምህርት ቤት ሸሚዝ የመሰለ ነው። የአፉ ጥግ ሐምራዊና ያበጠ። ፈርቶ ሳይሆን ተናዶ ያየኛል።

እኔ ሳልነሣ የሰፈሩ ልጆች በሩን አልፈው ደረሱ። አንዱ ክር አለው። የጎረቤት ድመትም ጥጉን ይዛ ተጋድማለች። በዚህ መሃል ሰማዩ ጠቆረ ብል ማጋነን አይደለም፦ ሁለቱ ወላጆች ጮኹ፣ ከየት እንደመጡ ያላወቅኋቸው አሥር አሥራ ሁለት ቁራዎች ተጨመሩ፣ ጣራው ሁሉ ተያዘ። አንደኛው ዝቅ ብሎ የድመቲቱን ጅራት ነክቶ አለፈ። ድመቲቱ አካባቢውን ለቀቀች። ልጁ ክሩን ጣለ። እኔ በጋቢዬ ጫፍ ጫጩቱን አንሥቼ፣ በግንቡ ላይ አስቀመጥሁት።

ከጎጆ የወረደ ጫጩት መሬት ላይ ቀን ሁለት ቀን መንከላወሱ እንደ ሕመም ወይም እንደ መጣል ሊታይ አይገባውም፤ መብረር የሚማረው እንዲህ ነው፣ ወላጆቹም መሬት ድረስ ወርደው ያጎርሱታል። ከመኪናና ከድመት መንገድ ገለል ማድረግ ይበቃል። ይህን አውቄ ያደረግሁት ስለሆነ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ምስጋና ጠብቄ ነበር።

በማግስቱ ጀሪካን ይዤ ስወጣ እናትዬዋ ከባሕር ዛፉ ጫፍ ሆና ሰፈሩን በጩኸት አናወጠችው። ከትላንት ወዲያ ድረስ ዞር ብላ አይታኝ የማታውቅ! ሌላ ሰው ሲወጣ ዝም፤ እኔ ስወጣ ጩኸት። በሲያትል የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲው ጆን ማርዝሉፍ ይህንኑ በ2006 እ.ኤ.አ. ፈትኖታል። እሱና ረዳቶቹ የዋሻ ሰው ጭምብል አጥልቀው ሰባት ቁራ ያዙ፣ ቀለበት አስረው ለቀቁ። ከዚያ በኋላ ያን ጭምብል ያጠለቀ ሰው በግቢው ባለፈ ቁጥር ቁራዎቹ እየተከተሉ ይጮኹበት ጀመር፤ ለማነጻጸሪያ የያኔውን ምክትል ፕሬዝዳንት የዲክ ቼኒን ጭምብል ያጠለቀውን ግን ምንም አላሉትም። ዓመታት አልፈው ጯሂዎቹ በዙ፤ ካልተያዙት፣ ኋላ ከተወለዱት መካከልም ያን ፊት የሚጠሉ ተገኙ። ወላጅ ለልጁ ጠላቱን ያሳያል ማለት ነው። ጎንደር በር ላይ ጭምብል አያስፈልግም፤ የዋሻው ሰው እኔ ነኝ።

ሰኔ ሲያልቅ ሦስቱም በረሩ። ከወላጆቻቸው ኋላ እየተከተሉ፣ ክንፋቸውን እያርገበገቡ፣ የራሳቸው መንቁር እያላቸው አጉርሱን ይላሉ። የጾሙ መፈቻ ሐምሌ 5 ደረሰና የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት ተከፈተ፤ ወንዱ ማለዳ እዚያ ጣራ ላይ ነበር፣ ልጆቹ ከጎኑ ተደርድረው። ሐጂ ከማዶ እያዩ፣ «ከዳተኛ!» ብለው በካራቸው አመለከቱት። ግን ረቡዕ ሲመጣ የሞራ ቁራጩን አዘጋጅተው ነው የጠበቁት።

ሐምሌ 10 ሌሊት ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። የጣራዬ አሸንዳ ሞልቶ ውሃው በግድግዳው ላይ ወረደ፣ የመኝታ ቤቱ ኖራ አበጠ። ጠዋት ሲያባራ መሰላል ተውሼ ወጣሁ። አሸንዳው አንገቱ ላይ ተደፍኗል። እጄን ሰድጄ ሁለት የጎድን አጥንት፣ ሳሙና የመሰለ ሞራ፣ የማንጎ ፍሬ፣ ውሃ ጠጥቶ ያበጠ ግማሽ ዳቦ አወጣሁ፤ ሁሉም በቅጠልና በሣር በጥንቃቄ ተሸፍኗል። ቁራ የተረፈውን ምግብ እየደበቀ ለክፉ ቀን ያኖራል፤ ልጆቹ ይህን ሲለማመዱ የእኔን ጣራ ጎተራ አድርገውት ኖሯል።

አንድ በአንድ ወደ መሬት ወረወርሁት። የመጨረሻውን አጥንት ስጥል ከበላዬ ድምፅ ሰማሁ። ደረቱ ያልጠራው ትንሹ፣ በጋቢዬ አንሥቼ ግንብ ላይ ያስቀመጥሁት፣ የጣራው ጫፍ ላይ ቆሟል። አጥንቱን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ የእናቱን ጩኸት፣ ገና ባልጎረመሰ ድምፅ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወጣው።

ዣንጥላ ይዤ ሞከርሁ። ኮፍያ አደረግሁ። የወንድሜን ካፖርት ተዋስሁ። እማማ አሁን ከቤታቸው ሳይወጡ፣ ቡናቸውን እየቆሉ፣ በአጥሩ ማዶ «ወጣህ እንዴ? ስትመለስ ሎሚ አምጣልኝ!» ይሉኛል።